ፋብሪካው እድርተኛ የሆነ ጊዜ

ከብስራተ ገብርኤል ጀምሮ እስከ ጀሞ የመጨረሻው ኮንዶሚኒየም ድረስ ቢፈለግ እንደኔ ብዙ ቀብር የዋለ ሰው አይገኝም። ቄሶቹን ጨምሬ ነው የምናገረው። አንድም ቀን አይቻቸው ለማላውቃቸው ሰዎች ያፈሰስኩት እንባ ቢጠራቀም የመካኒሳ ውኃ በፈረቃ ባልሆነ ነበር። ደግሞም ፋብሪካን የሚያህል ግዙፍ ነገር እጁን ይዤ እድር ያስገባሁ፣ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

ይህን በየሚኒባሱ ሳወራ ኖሬያለሁ። እውነቱ ግን ትንሽ ያንሳል። ፋብሪካውን እድር ያስገባሁት እኔ አይደለሁም። እኔ ወደ እድሩ የሄድኩት ሰዎቹ የጠየቁትን ላለመስጠት ነበር።

የምሠራው ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ ሲኬድ ገባ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ያለ፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበረ እርሳስ የሚያቀልጥ ፋብሪካ ውስጥ ነበር። ሥራ አስኪያጃችን «ፋብሪካ» ሲባል ደስ አይለውም፤ «የማዕድን ሥራ» እንዲባልለት ይፈልጋል። «ሌላው ተራራ ይቆፍራል፤ የእኛ ተራራ ጋራዡ ነው» ይላል እንግዳ በመጣ ቁጥር። የጭነት መኪና ከየጋራዡ የሞተ ባትሪ እየሰበሰበ ያመጣል። ሰዎች በመጥረቢያ ይፈልጡታል፣ አሲዱን ያፈሱታል፣ ውስጡን ለምድጃው ይሰጡታል። በወዲያኛው በኩል ቡሎኬት የሚያህል ግራጫ እርሳስ ይወጣል። አንዷን ቡሎኬት ብቻዬን ላነሳ ሞክሬ ወገቤ እዚያው ቀርቷል፤ አሁን ይዤው የምዞረው ወገብ የተውሶ ነው።

የእኔ ማዕረግ «የማኅበረሰብና የአካባቢ ጉዳይ ኃላፊ» ነበር። በኃላፊነቴ ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ማኅተምና በአጥሩ ዙሪያ የተተከሉ ችግኞች ነበሩ። ችግኞቹ ሞቱ። ሪፖርቱ ላይ ግን እስከ ዛሬ ጥላ ይሰጣሉ።

ሌላው ሥራዬ ወተት ነበር። ከረፋዱ አራት ሰዓት ሲሆን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ግማሽ ሊትር ወተት አድላለሁ። ወተት መርዝ ያጥባል ይባላል። ቀለም ቀቢውም፣ ባትሪ ሠሪውም፣ ጋራዥ የሚውለውም ይህንኑ ያምናል፤ እኛም አመንን። ምድጃው ጋ የሚቆሙት ጢሱን ስበው፣ ወተቱን ጨልጠው፣ አፋቸውን በቱታቸው እጅጌ ጠርገው ይመለሳሉ። ግቢው ውስጥ ያለው አየር፣ ሳንቲም የጠቡ ያህል፣ አፍ ላይ ሳንቲም ሳንቲም ይላል። መጀመሪያ ሰሞን ያስጠላል። በኋላ ምሳህም እንደዚያው ይልሃል፤ ከዚያ መለየት ትተዋለህ።

አንድ ቀን የአካባቢው እድር ዳኛ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነው የሚናገሩት። የሠራተኞቻችን ቤት አብዛኛው ከፋብሪካው ጀርባ ስለሆነ የእድሩ ግማሽ የእኛው ሰው ነው። ደብዳቤው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሠራተኛው ገላውን እዚሁ ታጥቦ ይውጣ፣ ቱታውም እዚሁ ይታጠብ፤ አቧራው ከልጆች ጋር አይደር።

ደብዳቤውን ለሥራ አስኪያጁ አስገባሁለት።

«ቦታ የለንም፣ ውኃ የለንም። ቀስ እያልን እናየዋለን» አለኝ። «እስከዚያ የሚያስደስታቸው ነገር ፈልግላቸው።»

ፈለግሁ። ያገኘሁት ድንኳን ነው። የኩባንያው ስም በሁለት በኩል በትልቁ የታተመበት፣ ለሐዘንም ለሠርግም የሚሆን፣ ምርጥ ድንኳን። በሁለት ሰው አሸክሜ እድሩ ቤት ወሰድኩት። ዳኛው ጫፉን በሁለት ጣት ገለጥ አድርገው ጽሑፉን አነበቡና መልሰው አጠፉት።

«ሐዘንተኛን ከማስታወቂያ ሥር አናስቀምጥም» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርዳታ እኮ ነው።»

«እርዳታ አልጠየቅንም። ፋብሪካችሁ በሐዘን በደስታችን አብሮን መሆን ከፈለገ እንደ ሰው አባል ይሁን። አባል ድንኳን አይልክም። አባል ይመጣል።»

የቀለዱ መስሎኝ ሄጄ ለሥራ አስኪያጁ እየሳቅኩ ነገርኩት። እሱ ግን አልሳቀም፤ ዓይኑ በራ። እርሳሱን የሚገዙን የውጭ ሰዎች በመጡ ቁጥር «ማኅበረሰቡ እንዴት ያያችኋል?» እያሉ ያስጨንቁት ነበር። የእድር አባልነት ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከዚህ የበለጠ ምን መልስ አለ? «ሂድና አስመዝግበው» አለኝ። «አንተ ወኪሉ ነህ።»

በምዝገባው ቀን የእድሩ ጸሐፊ ለሰው የተዘጋጀውን ቅጽ አውጥቶ፣ እስክሪብቶውን ነክሶ፣ ተቀመጠ።

«የአባሉ ስም?»

ስሙን ነገርኩት።

«የትዳር ሁኔታ?»

«ላጤ ነው በለው። ጢሱን አይታችሁ ሚስት ያለው እንዳይመስላችሁ።»

«ወላጆች?»

«የሉትም። በባንክ ብድር ነው ያደገው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጸሐፊው ራሱ እንባውን እየጠረገ ነው የሚጽፈው። «ልጆች?» ሲል «የሉ…» ብዬ ስጀምር ዳኛው እጃቸውን አነሱ።

«ልጆችማ አሉት» አሉ። «እዚያ ውስጥ የሚሠሩት ሁሉ ልጆቹ ናቸው። ጻፍ።»

ጸሐፊውም ጻፈ። ቅጹ ላይ ለልጆች የተተወው ቦታ ስድስት መስመር ብቻ ስለሆነ ወረቀት አስቀጥሎ፣ ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ አንድ በአንድ መዘገበ። በዕድሜ አባቴ የሚሆነው የሌሊት ጥበቃ እንኳ «ልጅ፣ ወንድ» ተብሎ ገባ። እኔ ከሥሩ ማኅተሜን መታሁ። እየሳቅኩ ነበር የመታሁት።

ከዚያ በኋላ ቀብር ነው። አባል ይመጣል ተብሏልና የፋብሪካው እግርም፣ እጅም፣ ፊትም እኔው ሆንኩ። ጥሩምባው ሲነፋ እነሳለሁ። አግዳሚ ወንበር እሸከማለሁ፣ የድንኳን ምሰሶ እተክላለሁ። እድሩ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስለነበረ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ደጅም መስጊድ ደጅም እቆማለሁ። ከቀብር መልስ ስም ሲጠራ ጸሐፊው «ፋብሪካው!» ይላል፤ እኔ «አቤት!» እላለሁ። ሴቶቹ ስሜን ረስተው «ጋሼ ፋብሪካ» ብለውኝ ቀሩ። እኔ የምኖረው ጀሞ ነው፤ የራሴ እድር እዚያ ነው። የፋብሪካውን ሙታን ስቀብር የሰፈሬ ሙታን እያመለጡኝ የጀሞው እድሬ ሁለት ጊዜ ሊሰርዘኝ አስቦ ነበር። ብሞት ማን እንደሚቀብረኝ ሳስብ የሚመጣልኝ የባትሪ መኪናው ነው።

ሌላም የሚያስቅብኝ ነገር ነበረ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስወጣ በሩ አጠገብ ካለችው የጥበቃ ክፍል ገብቼ እታጠባለሁ፤ ጫማዬንና ልብሴን ቀይሬ፣ የሥራውን በፌስታል ቋጥሬ እዚያው ሰቅዬ እወጣለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላጎደልኩም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ የማን ሙሽራ ነዎት?» ይለኛል የቀኑ ጥበቃ።

«ሚስቴን አታውቃትም። አቧራ ይዤ ከገባሁ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ነው የምትወረውረኝ» እላለሁ።

ምስኪን ሚስቴ። ዝንብ እንኳ ወርውራ አታውቅም። ግን ይህ ቀልድ ስለተወደደልኝ ግቢው ሁሉ በእሷ ላይ ይስቅ ነበር።

ይህን ቀልድ አብልጦ የሚወደው የምድጃው ዋና አቅላጭ ነበር። ከቡታጅራ ወዲያ የመጣ፣ ከእኔ የሚያንስ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው ነው። ምሳ አብረን ነው የምንበላው። ከፋብሪካው አጥር ጀርባ፣ በአንድ ክፍል ቤት፣ ከሚስቱና ሦስት ዓመት ካልሞላት ልጁ ጋር ይኖራል። እድር ስሄድ በቤታቸው በኩል ነው የማልፈው። ልጅቱ ሮጣ ትመጣና «ፋቢካ! ፋቢካ መጣ!» ትላለች። ኪሴ ውስጥ ከረሜላ መኖሩን ታውቃለች። «ስጠኝ» ትላለች፣ «ሌላ» ትላለች፣ «ውሸታም» ትላለች። ሦስቱንም በትክክለኛ ቦታቸው ነበር የምትላቸው።

አቅላጩ ቀስ በቀስ ደከመ። መጀመሪያ ሆዱን ቆረጠው፤ ቁርጠቱ ሲነሳበት እንደ ነፍሰ ጡር ግድግዳ ይይዛል። ቀጥሎ እጁ አልታዘዝ አለ። የወተት ኩባያውን አስጨብጠዋለሁ፣ እጁ ከአንጓው ላይ ይታጠፍበታል።

«እጄ እኔን ሳታማክር ጡረታ ወጣች» ይላል።

«የእኔማ ስትቀጠርም ሠርታ አታውቅ» እላለሁ።

እንስቃለን። ሌላ ግማሽ ሊትር እጨምርለታለሁ። በመጨረሻ ከቤት መውጣት አቃተው።

ልጠይቀው ሄድኩ። ሙዝ ይዣለሁ። ሚስቱ ደጅ ላይ ትልቅ ሳፋ አስቀምጣ ሁለቱን ቱታዎቹን ታጥባለች። ውኃው የምድጃ አመድ የተበጠበጠበት ይመስላል። በዚያው ሳፋ ውስጥ፣ ከቱታው እጅጌ ጋር ተጠላልፋ፣ የልጅቱ ቢጫ ቀሚስ ትታያለች። ልጅቱ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ ውኃውን በመዳፏ ቸብ ቸብ ታደርጋለች፤ ከዚያ መዳፏን ትልሳለች።

ከረሜላ አሳየኋት። አየችው። ወደኔም አየች። ምንም አላለችም።

«ምነው፣ ዛሬ ተኳርፈናል እንዴ?» አልኩ።

«ቃሏ ጠፋ፣ ጋሼ» አለች እናቷ፣ እጇን ከሳፋው ሳታወጣ። «ከፋሲካ ወዲህ ምንም አትልም። ትነጫነጫለች እንጂ አታወራም። እሱም እንዲያ፣ እሷም እንዲያ። ቡዳ ነው ይሉኛል፣ የሰው ዓይን ነው ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔ ምን አልኩ? «ዝምተኛ ሴት እኮ ለአባቷ በረከት ናት» አልኩ። ውስጥ ገብቼ ከባሏ ጋር ትንሽ ቀለድኩ፣ ሙዙን አስቀመጥኩ፣ ወጣሁ። ስመለስ በሌላ መንገድ ነው የሄድኩት።

ሳምንት ሳይሞላ፣ ወተት እያደልኩ ሳለ፣ ጥበቃው እየሮጠ መጣ። «ሰልፍ መጣብን!» አለ። ሥራ አስኪያጁ ከፎቁ መስኮት መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ፊቱ ከእርሳሱ በላይ ገርጥቷል። «ውጣና አናግራቸው» አለኝ።

ወጣሁ። ግማሽ አዲስ አበባ በሩ ላይ ቆሟል፤ ብትቆጥሩት አርባ ሰው ይሆናል። ግን የሚጮኽ የለም። ወንዶቹ የእድሩን አግዳሚ ወንበሮች ተሸክመዋል። ሴቶቹ ነጠላ አጣፍተዋል፣ ሻሽ አስረዋል፣ ብርቱካንና ዳቦ በፌስታል ይዘዋል። ወንበሮቹን በአጥሩ ጥግ ደረደሩና ተቀመጡ። ዳኛው ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደኔ መጡ።

«እግዜር ይማርልህ ልንልህ ነው የመጣነው» አሉ።

«ማንን?»

«ልጅህን ነዋ። አባላችን ልጁ ታሞበታል። አንዱ ብቻም አይደለም። እድር ደግሞ በሽተኛ ይጠይቃል፤ አስታማሚውንም ያጽናናል።»

ያን ጊዜ ማኅተሜ ትዝ አለኝ። በሳቅ የመታሁት ማኅተም። ፋብሪካው አባት ነው፤ አባት ቤት ደግሞ ጠያቂ ይመጣል። አንድ ወንበር ለኔ ትተውልኝ ነበር። ተቀመጥኩ። ብርቱካኑን እግሬ ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ማንኛውም ጠያቂ የሚጠይቀውን ጠየቁኝ፣ በተራ፣ በዝግታ።

«እንዴት ነው፣ ተሻለው?»

«እህል ይቀምሳል?»

«ሐኪም ቤት ወሰድከው ወይስ ዝም ብለህ ነው?»

«ወተት እሰጠዋለሁ» አልኩ።

«ወተት ብቻ?» አሉ አንዲት አሮጊት፣ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው። «ወይ አንተ ልጅ! ምን ዓይነት አባት ነህ?»

እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ቢሳደቡ እመልስ ነበር፤ በስድብ ከላፍቶ አንደኛ ነኝ። የታመመ ልጅህን ሊጠይቅ ለመጣ ሰው ግን ምን ይመለሳል?

የአቅላጩ ሚስት ከመጨረሻው ወንበር ተነሳች። ልጅቱን አዝላታለች፤ ልጅቱ ጭንቅላቷን ጀርባዋ ላይ ጥላ ዓይኗን ገልጣለች።

«ጋሼ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። «እርስዎ ጫማዎንና ልብስዎን እዚህ ቀይረው ነው አሉ የሚወጡት። ለምንድን ነው?»

ጥበቃው ከኋላዬ መሳቅ ጀምሯል። መልሱን ያውቀዋላ።

«ሚስቴ ናታ» አልኩ። «አቧራ ይዤ ብገባ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ነው የምትወረውረኝ።»

ሳቁ። እንደዚያ ተጨንቀው የነበሩ ሰዎች ሁሉ በአንዴ ሳቁ፤ አሮጊቷም ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። ልጇን ወደ ላይ ገፋ አድርጋ አስተካከለቻት።

«እሺ» አለች። «እኔም እወረውረው ነበር። በረንዳ የለንም።»



ዳኛው መተዳደሪያ ደንቡን ከኮታቸው ኪስ አወጡ። የታመመ ቤተሰቡን ያላስታመመ አባል መጀመሪያ ይመከራል፣ ቀጥሎ ይገሠጻል፣ ካልሰማ ይሰረዛል የሚል አንቀጽ አነበቡ። ሰካራም አባወራዎችን አስበው የጻፉት አንቀጽ ነው። «ምክሩ ይኸው ነው» አሉ። «ተግሣጹ በወሩ ስብሰባ ይሆናል። ከዚያ መጥተን ወረቀታችንን ከግድግዳችሁ እናወርዳለን። የሚፈለገውን ታውቀዋለህ፤ ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው።» ባርኔጣቸውን አጠለቁ። ወንበሮቻቸውን ተሸክመው ሄዱ። ብርቱካኑን ትተውልኝ ሄዱ።

ሥራ አስኪያጁን ያስፈራው ልጅቱ አይደለችም፣ አቅላጩም አይደለም። ገዢዎቹ ሊመጡ ነው፤ ወረቀቱ ከግድግዳ ወርዶ ባዶ ሚስማር ሊያዩ ነው። ቦታ የለም የተባለበት ግቢ ውስጥ ቦታ ተገኘ። ውኃ የለም የተባለበት ላይ ሮቶ ተሰቀለ። የወሩ ስብሰባ ሳይደርስ ስድስት የገላ መታጠቢያ፣ ሁለት ልብስ ማጠቢያ ማሽንና የልብስ ሳጥን ቆሞ ነበር። አቅላጩና ልጁም በፋብሪካው መኪና ሆስፒታል ሄደው ደማቸው ተመረመረ፤ የሁለቱም ደም ውስጥ እርሳስ ተገኘ። ዶክተሩ ሌላውን ሁሉ አቆይቶ መጀመሪያ ከአቧራው አውጧቸው አለ። ቤተሰቡ ወደ ቡታጅራው አገራቸው ሄደ። አሁን ልጅቱ አንዳንድ ቃል ጀምራለች ይሉኛል። ከጠፋው ምን ያህሉ እንደሚመለስ ዶክተሩም አላወቀም።

መታጠቢያው ሲመረቅ ሪባኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። ንግግርም አድርጌያለሁ፤ «ኩባንያችን የማኅበረሰቡን ድምፅ በመስማት» ብዬ ነው የጀመርኩት። ዳኛው ቧንቧውን ከፈቱት፣ እጃቸውን ታጠቡ፣ ዘጉት። «በአንድ ወር የሚያልቅ ነገር ነበር ለካ» አሉኝ።

ያንን ሥራ ከለቀቅኩ ቆየሁ። ፋብሪካው ግን አሁንም እድርተኛ ነው፤ ሌላ ሰው ተተክቶ «አቤት» ይልለታል። እኔ ድካሙ ነው የቀረልኝ። ከጀሞ በሚኒባስ ስመጣ በዚያ በኩል ሳልፍ አፌ አሁንም ሳንቲም ሳንቲም ይለኛል።

ለሚስቴ ግን ዕዳ አለብኝ፤ ስሟን ላጽዳ። አቧራ አትፈራም። ጫማህን ቀይረህ ግባ ብላኝም አታውቅ። ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ወር ከምድጃው ጋር ከውጭ የመጣ አንድ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ተሰጥቶኝ ነበር፤ ወደ አማርኛ መልሼ በር ላይ እንድለጥፈው። አነበብኩት። የሠራተኛ ልብስና ጫማ መኖሪያ ቤት አይግባ ይላል፤ ትንንሽ ልጅ ያለበት ቤትማ ጭራሽ። ብለጥፈው ሰዎቹ መታጠቢያ ይጠይቃሉ፣ የለም የምላቸው ደግሞ እኔው ነኝ ብዬ አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። ጫማዬን መቀየር የጀመርኩት በማግስቱ ነው። ያን ጊዜ ቤቴ ውስጥ ትንሽ ልጅ አልነበረም፤ ሁለቱም ልጆቼ አድገው ወጥተዋል። የፈራሁት ለራሴ ነው።